የገና ዶሮ ከማን እንግዛ? "የሀበሻ ነው" የሚለው ቃል ሲፈተሽ

ገና ዘንድሮ ታህሳስ 29 ረቡዕ ላይ ይውላል። (ረቡዕ ስለሆነ ይጾማል ወይ ለምትሉ፦ ገናና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብ ላይ ቢውሉም ይበላል፤ የሚጾመው ዋዜማው ነው።) ከኅዳር 15 ጀምሮ ሲጾም የቆየ ሕዝብ በአንድ ንጋት ዶሮ ወጥ ይፈልጋል ማለት ነው። ዶሮውን የማምጣቱ ሥራ ደሞ በብዙ ቤት የሚወድቀው እኛ ላይ ነው። "አንተ ሾላ ድረስ ሂድ"፣ "አንቺ እስቲ ቴሌግራም ላይ እዪልኝ"።

በየበዓሉ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዶሮ ስንት ገባ? ሚዲያው ማይክ ይዞ ገበያ ይወጣል፣ አንዷ እናት ተወደደ ይላሉ፣ ነጋዴው "ከላይ ነው የጨመረው" ይላል፣ ንግድ ቢሮ በቂ አቅርቦት አለ ይላል፣ አለቀ። ዶሮ በሺህ ቤት መጠራት ከጀመረ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ዋጋው መጠየቁ ልክ ነው። ግን ዋጋ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በዚያው ቀን፣ ያው መጠን ያለው ዶሮ እንደገዛችሁበት ቦታ ዋጋውም ጤናውም ይለያያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብራችሁ ማን እጅ እንደሚገባ የሚወስነው የገዛችሁበት ቦታ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ "ስንት?" ከማለታችን በፊት "ከማን?" እንበል።

የሀበሻ ማለት ምን ማለት ነው?

ገበያ ስትገቡ ዶሮው ሁሉ የሀበሻ ነው። ነጭ በነጭ የሆነውን የሥጋ ዶሮ የያዘ ካልሆነ በስተቀር "ይሄ የፈረንጅ ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ነጋዴ አታገኙም።

በሀገር ደረጃ ካየነው የሀበሻ ዶሮ ብርቅ አይደለም። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የእንስሳት ናሙና ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮ ነበር። ከዚህ ውስጥ 79 በመቶ የሚሆነው የሀገር ውስጥ ዝርያ፣ 12 በመቶው ዲቃላ፣ 9 በመቶው ደግሞ የውጭ ዝርያ ነው። ይህ ግን የሀገሪቱ ሁሉ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ደርሶ ቅርጫት ውስጥ የሚቀመጠው ዶሮ በዚያው ስሌት የተከፋፈለ ነው ብላችሁ አታስቡ።

እዚህ ጋር ሳሶ የሚባለውን ዶሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ሳሶ ዝርያው ከፈረንሳይ ነው። ቃል በቃል የፈረንጅ ዶሮ ማለት ይሄ ነው። ግን ነጭ አይደለም፤ ቀይ ነው፣ ቡኒ ነው፣ ዝንጉርጉርም አለው። ለዓይን የሀበሻ ይመስላል። ኢትዮ ቺክንን የመሳሰሉ አራቢዎች የአንድ ቀን ጫጩት ለወኪሎች ያከፋፍላሉ፣ ወኪሎቹ 45 ቀንና ከዚያ በላይ ያሳድጉና ያስከትቡና ለገበሬ ይሸጣሉ። ገበሬው ጓሮ ይለቀዋል። መንግሥትም ኅዳር 2015 ላይ "የሌማት ትሩፋት" ብሎ በጀመረው ፕሮግራም እንቁላልና የዶሮ ሥጋ እንዲበዛ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ማሰራጨት አንዱ ሥራው ነው። ስለዚህ ሳሶ ከተማ ዳር ብቻ ሳይሆን ገጠርም ገብቷል።

አሁን ጥያቄው እንዲህ ይሆናል። አንዲት እናት ወላይታ ውስጥ ጓሮዋ ለቃ፣ ትል እየጫረ፣ የወደቀ እህል እየለቀመ ግማሽ ዓመት ያሳደገችው ሳሶ የሀበሻ ነው ወይስ የፈረንጅ? በደሙ ካያችሁት የፈረንጅ ነው። በአስተዳደጉ ካያችሁት ከእኛ በላይ ሀበሻ ነው። በተቃራኒው ደግሞ የጥንት የሀገር ዝርያ ሆኖ ጠባብ ቤት ውስጥ በመኖ ብቻ ያደገም ሊኖር ይችላል። "የሀበሻ" የሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር በአንዴ ተሸክሟል፤ ዘርንና አስተዳደግን። ነጋዴው የሚያተርፈው በዚህ ክፍተት ነው።

የእኛ አስተያየት፣ ለወጡ የሚበጀው ዕድሜውና መሬት ላይ መርመስመሱ ነው። ብዙ የተራመደ፣ ዕድሜው የጠና ዶሮ ሥጋው ይጠነክራል፣ ድስት ውስጥ ሰዓት ይፈጃል፣ ግን ቁሌቱን ጠጥቶ ቅርጹን አይለቅም። የሁለት ወር የሥጋ ዶሮ ዶሮ ወጥ ውስጥ ሲገባ ይበተናል፤ ቤት ውስጥ ያሉ እናቶች "ገለባ ነው" የሚሉት ይሄን ነው። ሳሶ መግዛት በራሱ መጭበርበር አይደለም። መጭበርበር የሚሆነው የሦስት ወር ተኩል ሳሶ ይዛችሁ የዓመት የሀበሻ አውራ ዶሮ ዋጋ ስትከፍሉ ነው።

እንዴት ይለያል ከተባለ፣ ቀለሙን ትታችሁ እግሩን እዩ። የሀበሻው እግር ቀጠን ያለ፣ ጅማታም፣ ቅርፊቱ ሻካራ ነው፤ የቆየ አውራ ከሆነ ከኋላ ያለው ሹል ጥፍር ረዝሟል። የሳሶው እግር ወፈር ብሎ ለስለስ ይላል። የሀበሻ አውራ ዶሮ ጎልምሶም ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ ሦስት ኪሎ የሚመዝን፣ ደረቱ ሰፊ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ "የሀበሻ" ዶሮ ካያችሁ ጠርጥሩ። ደሞ የሀበሻ ዶሮ ሲያዝ ይታገላል፣ ይጮሃል፣ ያሳፍራችኋል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ብለን እንለፍ። ቀይ ዶሮ ይወደዳል፣ ጥቁሩ ይረክሳል፤ ገብስማና ወሰራ የሚፈልግም አለ። ከእምነትና ከልማድ የመጣ ስለሆነ ማንንም አንከራከርም። ድስቱ ግን ቀለም አያውቅም። ገንዘብ ለጠበበው ሰው፣ ያው መጠን ያለው ጥቁር ዶሮ ዋጋው ዝቅ ማለቱ ጥሩ ዜና ነው።

ዶሮው አዲስ አበባ እስኪደርስ

የገጠር ዶሮ ታህሳስ ላይ ለመታረድ እንዲደርስ ሰኔ አካባቢ መፈልፈል አለበት፤ የሀበሻ ዶሮ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋልና። ሰኔ ማለት ደሞ ክረምት ነው። ጫጩት በብርድ ይሞታል፣ ጭልፊት ይነጥቃል፣ ሌሊት ሸለምጥማጥ ይገባል፣ ይሄን ሁሉ ያለፈው ደሞ ፈንግል ይጠብቀዋል። ፈንግል ከገባ የአንድ መንደር ዶሮ በሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ክትባቱ አለ፤ ቢሾፍቱ ያለው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት ተቋም እዚሁ ሀገር ውስጥ ያመርተዋል። ችግሩ አምስት ዶሮ ያላት እናት ጓሮ ድረስ በሰዓቱ፣ በቅዝቃዜው ተጠብቆ መድረሱ ነው።

እናት የምንለው ለማሳመር አይደለም። ገጠር ውስጥ በሬና ማሳ የአባወራ ጉዳይ ሲሆን ዶሮና እንቁላል በአብዛኛው የሴቷ ገቢ ነው። ለጨው፣ ለዘይት፣ ለልጅ ደብተር የምትሸጠው እሱን ነው። የሀበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው 60 እንቁላል ገደማ ስለሆነ፣ በበዓል የሚሸጠው አውራ ዶሮ ለቤቱ ትልቁ የጥሬ ገንዘብ ቀን ነው። ግን እሷም በዓል አለባት። ለራሷ ቤት በርበሬና ቅቤ መግዛት ስላለባት ከበዓሉ ቀደም ብላ ትሸጣለች፤ ዋጋው ጣሪያ የሚነካው ደሞ እሷ ከሸጠች በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ይታወቃል። የአካባቢው ሰብሳቢ ከገበያ ገበያ ዞሮ ይለቅማል፣ ለጅምላው ያስረክባል፣ ዶሮው በአይሱዙ ወይ በአውቶቡስ ጣራ አዲስ አበባ ይገባል፣ ጅምላው ለቸርቻሪ፣ ቸርቻሪው ለእኛ። እያንዳንዱ እጅ ያተርፋል። ሥራ ስለሆነ እሱ አያናድድም። የሚያናድደው መሃል ላይ የሚጨመረው ነው። 60 ዶሮ ጭኖ የመጣ ሰው አምስቱ በጥማትና በመታፈን ቢሞቱበት፣ የሞቱትን ዋጋ የምንከፍለው በሕይወት ያለውን የገዛነው እኛ ነን። ቤንዚን በ2017 ሊትሩ ከ100 ብር አልፏል። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የመኖ ቅመምና መድኃኒት ሁሉ በአዲሱ ምንዛሬ ነው የሚገዛው። አማራ ክልል ውስጥ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ያለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ የጎጃምና የወሎ ዶሮ እንደ ልቡ አይገባም፤ በሌላም አቅጣጫ ኬላና የመንገድ ስጋት አለ። አሽከርካሪው ይሄን ሁሉ ደምሮ ነው ዋጋ የሚጠራው።

ስለዚህ "ነጋዴው ስግብግብ ነው" ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ወይም ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ሌላው ግማሽ የእኛው ነው፤ ሁላችንም በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ ያለ ሚዛን እንገዛለን።

የት የት ነው የሚገዛው?

ትልልቆቹ ገበያዎች፣ ሾላ፣ መርካቶ፣ ሳሪስ፣ አቃቂ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ማማረጥ ይቻላል። መቶ ዶሮ አይታችሁ አንዱን ትመርጣላችሁ፣ ዋጋውም በፉክክር ትንሽ ይረግባል። ጉዳታቸው ደሞ ከአምስት አቅጣጫ የመጣ ዶሮ አንድ ላይ መታጎሩ ነው። አንዱ የታመመ ካለ ሌላውን ያስይዛል። ገጠር ውስጥ ፈንግል ገባ ሲባል ሳይሞትብኝ ልሽጠው የሚል ይኖራል፤ ያም ዶሮ የሚመጣው እዚሁ ነው። ስለዚህ ዓይኑን ከድኖ የቆመ፣ ክንፉን የጣለ፣ ሲተነፍስ የሚያንኮራፋ፣ ቂጡ አካባቢ አረንጓዴ ነገር የለጠፈበት ዶሮ በነፃም አትውሰዱ። አናቱ ላይ ያለው ኩክኒ ደማቅ ቀይ ይሁን። አንገቱ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ደሞ ዳስሱት፤ ከብዶ እንዲታይ ጠዋት በእህልና በውሃ ተወጥሮ የመጣ አለ። ለዚህ ነው ዶሮን በእጅ አንስቶ "ይከብዳል" ማለት የማያዋጣው።

መንገድ ዳር ይዞ የሚዞረው ልጅ እንደ ድሮው በየጥጋቱ የለም። ፒያሳ ያለችው ዶሮ ማነቂያ እንኳ በ2016 በኮሪደር ልማት ፈርሳ ስሟ ነው የቀረው። አሁንም ግን ዋዜማው ላይ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሁለት ዶሮ ዘቅዝቆ የሚዞር አይጠፋም። አንዳንዴ እሱ ጋ ርካሽ ይገኛል፤ በተለይ ዋዜማው ማታ፣ ያልተሸጠ ይዞ ሲደክመው። ግን ያ ቁማር ነው፤ ነገ መልሳችሁ አታገኙትም።

የእሁድ ገበያ፣ የሸማቾች ማህበራት ሱቅና የበዓል ባዛር የተሻለ ዋጋ አላቸው ተብሎ ይነገራል። ለሽንኩርት፣ ለዘይትና ለእንቁላል ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ለቁም ዶሮ ግን በጠዋት ካልደረሳችሁ ያልቃል፣ ምርጫም የለም። እዚህ ላይ ንግድ ቢሮን የምንጠይቀው ነገር አለ። በየበዓሉ "በቂ ምርት ገብቷል" ከማለት ይልቅ ዶሮው ከየት እንደመጣና ስንት ዕድሜ እንዳለው የሚገልጽ ወረቀት ቅርጫቱ ላይ ቢለጠፍ፣ አጠገቡም ሚዛን ቢቀመጥ፣ ግማሹ ጭቅጭቅ ያበቃ ነበር። ጤፍ በሚዛን፣ ሥጋ በሚዛን፣ ቲማቲም በሚዛን እየገዛን ከአንድ ሺህ ብር በላይ የምናወጣበትን ዶሮ በዓይን ግምት መግዛታችን እንደ ቀላል ነገር ታልፏል። ሱቅ የሚገኘው ትንሿ ተንጠልጣይ ሚዛን ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፤ አንድ ብሎክ ላይ አንድ ሰው ቢኖረው ለሁሉም ይበቃል።

ከሱፐርማርኬት የሚገኘው ታርዶ የታሸገ ዶሮ ንጹህ ነው፣ ክብደቱ ተጽፏል፣ ዋጋው ላይ ክርክር የለም። ብዙውን ጊዜ ግን የሥጋ ዶሮ ነው። ለአሮስቶ ይሆናል፤ ለበዓል ወጥ እናታችሁን ጠይቁ።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ያለው ዶሮ

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ "ታርዶ፣ ታጥቦ፣ 12 ብልት ወጥቶለት ቤትዎ ድረስ" የሚል ማስታወቂያ በዓል ሲደርስ ስልካችንን ይሞላዋል። ውጭ ያለ ዘመድ እዚያው ሆኖ ከፍሎ እናቱ ቤት ዶሮና በግ የሚያስልክበትም አገልግሎት አለ። ለሠራተኛ፣ ለብቻው ለሚኖር፣ ማረጃ ቦታ ለሌለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ላባ መንጨት ቀረ፣ ሎሚና ጨው ይዞ ሰዓታት ማጠብ ቀረ።

ግን ፎቶ ዶሮ አይደለም። ታርዶና ላባው ወልቆ በፌስታል የመጣ ዶሮ ዕድሜውም ዝርያውም አይታወቅም፤ ቅድም "እግሩን እዩ" ያልነው እግር ተቆርጦ ቀርቷል። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ከየት የመጣ ነው? ከታጠበ በኋላ ስንት ኪሎ ይሆናል? መቼ ነው የሚታረደው? ማንስ ነው የሚያርደው? የመጨረሻው ጥያቄ የሚያሳፍር አይደለም። ክርስቲያኑ በስመ አብ፣ ሙስሊሙ በቢስሚላህ የታረደ ብቻ በሚበላበት ሀገር ይሄን በግልጽ የማይናገር ሻጭ ደንበኛውን አላከበረም። ዝም ካለ እለፉት። እግሩን ጨምሮ እንዲልክላችሁም ጠይቁ፤ እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም።

12 ብልት የሚለውንም አጣሩ። ብልት ማውጣት ሙያ ነው። በመጋዝ ስምንት ቦታ ተጎምዶ የመጣ ዶሮ እናት ፊት ማቅረብ ምን እንደሚያስከትል የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ቀብድ ነው። አምና ለፋሲካ ከመካከላችን አንዱ ባለፎቶና ባለብዙ ተከታይ ገጽ ላይ ሙሉ ክፍያ በቴሌብር ልኮ፣ ዋዜማው ከሰዓት ላይ ገጹ ጠፋ። በዓል ስለሆነ ፖሊስ ጋ የሚሄድ የለም፣ ብሩም ብዙ አይደለም ተብሎ ይተዋል፤ አጭበርባሪዎቹ የሚተማመኑትም በዚህ ነው። ለማታውቁት ሰው ሙሉ ክፍያ አትላኩ። ዶሮው እጃችሁ ሲገባ ክፈሉ፣ ካልሆነም ቀብዱ ቢጠፋ የማያስለቅሳችሁ ይሁን።

ሰፈር ውስጥ የሚያረቡት ልጆች

በእኛ እይታ ዘንድሮ ብዙ ሰው ያላየው፣ መታየት ያለበት ምርጫ ይሄ ነው። ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባ ውስጥም በየወረዳው በማህበር ተደራጅተውም ይሁን በግል ጓሮ ውስጥ 50፣ 100፣ 200 ዶሮ የሚያሳድጉ ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ እኩያዎቻችን ናቸው። የሚያሳድጉት ባመዛኙ ሳሶ ነው፣ አይደብቁም። እነሱ ጋ "የሀበሻ ነው" የሚል ክርክር የለም፤ ዕድሜውን በቀን ይነግሯችኋል፣ የተከተበበትን ቀን ጽፈውታል፣ የሚበላውን ታያላችሁ።

ሒሳባቸውን እንይ። አንድ የጎለመሰ ዶሮ በቀን 100 ግራም ከዚያም በላይ መኖ ይበላል። መቶ ዶሮ ያለው ልጅ በቀን ከ10 ኪሎ በላይ ያወጣል ማለት ነው፤ አንድ ኩንታል አሥር ቀን አይሞላም። ዶሮ እርባታ ውስጥ ትልቁ ወጪ መኖ ነው፣ ከሌላው ወጪ ሁሉ ይበልጣል። አሁን ልጁ ለገና ብሎ ካሳደጋቸው መቶ ዶሮዎች 40ው ሳይሸጡ ቢቀሩስ? በቀን 4 ኪሎ መብላታቸውን ይቀጥላሉ። ጥምቀት ጥር 11 ትንሽ ይገፋለታል። ዓቢይ ጾም ደሞ የካቲት 9 ይገባል፤ ከገና እስከዚያ 40 ቀን ነው ያለው። ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ 4 ፋሲካ ድረስ 55 ቀን ገበያው ይሞታል። እነዚያን ዶሮዎች እስከ ፋሲካ ቢቀልብ የበሉት መኖ ትርፉን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከበዓሉ ማግስት ለመጣው ነጋዴ በተጠራለት ዋጋ ይሸጣል። ነጋዴውም ይሄን ያውቃል።

እዚህ ጋር የሚገርመው ነገር፣ ሾላ ላይ ዶሮ ጠፋ ተብሎ ዋጋ በሚንርበት ቀን ሁለት ኪሎ ሜትር የማይርቅ ጓሮ ውስጥ ገዢ ያጣ ዶሮ መኖሩ ነው። ልጆቹ ገበያ ወጥተው ለመሸጥ ቦታ የላቸውም፣ እኛም እዚያ ጓሮ ውስጥ መኖራቸውን አናውቅም። ቀጥታ ብንገናኝ ቸርቻሪውና ጅምላው የሚያተርፉትን ለሁለት እንካፈለዋለን።

ለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ቅርጫ አለን እኮ። ለበሬ ስምንትና አሥር ሆነን እንገባለን፣ ገንዘብ የሚሰበስብ እናምናለን፣ ሥጋው እኩል ይመደባል። ለዶሮም በዚያው መንገድ አንድ ብሎክ፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ የዕድር መንደር 30 ዶሮ ከአንድ አራቢ ቢያዝ፣ ሁለት ሰው ሄዶ አይቶ፣ መዝኖ፣ ዋጋ ቆርጦ ይመጣል። ዋጋውን "በነፍስ ወከፍ" ሳይሆን በኪሎ ቁረጡ፣ አለዚያ ትልቁ ለማን ደረሰ የሚል ጠብ ይመጣል። ቀብድ የምትሰጡት ቤቱን ላያችሁት፣ ዶሮውን ለቆጠራችሁት ሰው ስለሆነ እንደ ቴሌግራሙ አይደለም። ለልጁ ደሞ ያ ቀብድ የመጨረሻውን ኩንታል መኖ ይገዛለታል።

አንድ ነገር ግን ጠይቋቸው፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት አንቲባዮቲክ ሰጥተዋል ወይ? መድኃኒት የተሰጠው ዶሮ የተወሰኑ ቀናት ካላለፉ አይታረድም፤ ጠንቃቃ አራቢ ይሄን ስትጠይቁት ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

የግድ የሀገር ዝርያ ነው የምንፈልገው ለሚሉ፣ ያም አለ፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ሆሮ የተባለውን የምዕራብ ኦሮሚያ ዝርያ በምርጫ ለዓመታት ሲያሻሽል ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ ለበዓል ገበያ እንደ ሳሶ በብዛት አይደርስም። የሚያዋጣው የድሮው መንገድ ነው፤ ገጠር ዘመድ ያለው ሰው አስቀድሞ ደውሎ፣ ዋጋውን ለዘመዱ በቀጥታ ልኮ፣ ለሚመጣ ሰው ማስያዝ። ያኔ ከሰብሳቢው እስከ ቸርቻሪው ያለው ሰንሰለት ይቀርና ገንዘቡ ያሳደገችው ሴት እጅ ይገባል። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው በየሰፈሩ ስላለ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

መቼ?

ከቦታው እኩል የሚወስነው ቀኑ ነው። ዋዜማው ማክሰኞ ታህሳስ 28 ነው። ዋጋ የሚሰቀለው ከእሁድ ከሰዓት ጀምሮ ባሉት ሰዓታት ነው። ቅዳሜ ታህሳስ 25 ጠዋት የሄደ ሰው ምርጫም ጊዜም አለው፤ ከሐሙስና ዓርብ ጀምሮ የሄደ ደሞ ይበልጥ። ብዙ ሰው ቀድሞ የማይገዛው ዶሮውን የሚያቆይበት ስለሌለው ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ዶሮ ማሳደር ቀልድ አይደለም። ቢሆንም ይቻላል። ሰፋ ያለ ካርቶን፣ ጎኑ ላይ ብዙ ቀዳዳ፣ ከታች ሰጋቱራ ወይ ጋዜጣ፣ ንጹህ ውሃ የማይገለበጥ ዕቃ ውስጥ፣ በቆሎ ወይ ስንዴ ጠዋትና ማታ አንዳንድ እፍኝ። እግሩን ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩት፤ ደም ይቋጥርና ያ ብልት ይጠቁራል። ማረጃው ኮሙናል ከሆነ ወረፋውን ቀድማችሁ ያዙ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም እዚያ ነው። እህል የሚሰጠው እስከ ሰኞ ማታ ነው፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ፤ ሆዱ ባዶ ሲሆን ማጽዳቱ ይቀላል።

አውራ ዶሮ ከሆነ ደሞ ካርቶኑን በረንዳ ላይ ሳይሆን መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ መብራት አጥፍታችሁ አሳድሩት። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መጮሁ አይቀርም፣ ጎረቤት ግን ትንሽ ይቀንስለታል።